የጥጥ ጢም

አንድ ፍራሽ ሰሪ ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። ብርዷ አጥንት ድረስ በሚዘልቅ አንዲት የደጋ ከተማ፣ ከገበያው ጥግ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጥጥ በደጋን ሲነድፍ፣ ሲሞላና ሲሰፋ ይውላል። የከተማው ሰው ግማሹ የሚተኛው እሱ በሞላው ፍራሽ ላይ ነው። ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ የጥጥ ብናኝ አለ። ድሮ ሰዎች ሽበት ነው እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ በኋላ እውነተኛው ሽበት ሲመጣ ማንም ልብ አላለም።

ይርዳው ልጅ አልነበረውም። ባገባ በዓመቱ «ልጅስ?» ብለው ሲጠይቁት «ገና ነው» አለ። በአምስተኛው ዓመትም «ገና ነው» አለ። በአሥራ አምስተኛውም ያው። ጠያቂዎቹ ልጆቻቸውን ድረው የልጅ ልጅ ይዘው ሲመጡ እንኳ መልሱ አልተለወጠም። ሚስቱ አስካለ ይህን ቃል በሰማች ቁጥር ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። አስካለ ልጅ ሳታቅፍ ሞተች፤ ይኸው ስምንት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅ የሚጠይቀው የለም። ቃሉ ግን አፉ ላይ ቀረ። ምሳ በላህ ወይ ሲሉት ገና፣ ፍራሼ ደረሰ ወይ ሲሉት ገና፣ ዘመድ ጥየቃ አትሄድም ወይ ሲሉት ገና። እንዲህ ያለ ሰው አታውቁም? እምቢ አይልም፣ እሺም አይልም።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ኑርልኝ በዚህ የተነሳ «ጋሽ ገና» የሚል ስም አወጣለት። ኑርልኝ ክፉ ሰው አይደለም። የታመመ ይጠይቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ የደሃ ልጅ ሱሪ በነፃ ይጥፋል። ምላሱ ግን ልጓም የላትም። ይርዳው ስሙን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ ደጋኑን ግን ከወትሮው ጠንከር አድርጎ ይመታል።

በዚያች ከተማ ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት የሚያድጉበት አንድ ቤት ነበር። የምታስተዳድረውም የምታስተምረውም መምህርት ዘነበወርቅ ናት። አንድ ዓመት ለልጆቹ ከባሕር ማዶ መጻሕፍት ተላኩላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ባለ ሥዕል የተረት መጽሐፍ ነው። በውስጡ በረዶ የለበሰች አገር አለች፤ አጋዘን በሰማይ ላይ ይጋልባል፤ ልጆች በመስኮት አሻግረው የሚጠብቁት ደግሞ ቀይ ካባ የለበሰ፣ ነጭ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ከረጢት የተሸከመ አንድ ሽማግሌ ነው። ዘነበወርቅ መዝገበ ቃላት እያገላበጠች ታሪኩን ወደ አማርኛ መለሰችው። ከዚያም ለገና በዓል በልጆቹ ፊት የሚታይ አጭር ተውኔት አደረገችው። ሽማግሌውን ሰው ሁሉ በሚጠራበት ስም ጠራችው፤ የገና አባት።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ወደ ገበያ ወጣች። ከይርዳው ለበረዶውና ለጢሙ የሚሆን ጥጥ፣ ከኑርልኝ ደግሞ የካባውን ስፌት ለመነች። ሁለቱም በደስታ ተቀበሏት። ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን ፊቷ ጠቁሮ ተመልሳ መጣች።

«ጋሽ ይርዳው፣ የገና አባት ሊሆንልን የነበረው ዘበኛችን ወገቡን ይዞት ተኛ። እርስዎ ቁመቱም ድምፁም አለዎት። ለአንድ ቀን ብቻ ይተባበሩኝ» አለችው።

ይርዳው እንደ ልማዱ «ገና ያላለቀ ሥራ አለብኝ» ሊላት አፉን ሲከፍት፣ ኑርልኝ ከደጃፉ ሆኖ ቀደመው።

«መምህርት፣ ትክክለኛውን ሰው ነው ያገኙት። የገና አባት ማለት እኮ ገና አባት ያልሆነ ማለት ነው። ከሱ ሌላ ማን ይሆናል?»

ሱቁ ደጃፍ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ዘነበወርቅ ብቻ አልሳቀችም። ይርዳው የደጋኑን ጅማት በጣቱ ያዘ። እምቢ ቢል ሆድ እንደባሰው ያውቁበታል። ሠላሳ ዓመት የደበቀውን ነገር በአንድ ቀልድ ገበያ ላይ ሊያሰጣው አልፈለገም።

«እሺ፣ እሆናለሁ» አለ።

እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ከሚያድጉት ልጆች አንዷ ስንዱ ትባላለች። ስድስት ዓመቷ ነው። ወደ ቤቱ የመጣችው በኅዳር ስለሆነ ለቦታው አዲስ ናት። ዝምተኛ ልጅ ናት፤ የሰማችውን ግን አትረሳም። በመጀመሪያው ሳምንት ከጎኗ የምትተኛው ልጅ «እኔ የክርስትና አባት አለኝ፤ በየበዓሉ ዳቦ ያመጣልኛል» አለቻት። ሌላዋ «እኔ የእንጀራ አባት አለኝ፤ እናቴ ሳትሞት በፊት ነው ያገኘሁት» አለች። ሞግዚቷ ደግሞ ዘወትር ስለ ንስሐ አባቷ ታወራለች። ስንዱ ይህን ሁሉ ሰምታ በልቧ አንድ ነገር ተረዳች፤ ለካስ አባት ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዱ የሌለው ሰው ሌላውን ሊያገኝ ይችላል። መምህርቷ አንድ ቀን ክፍል ገብታ «በገና ዕለት የገና አባት ይመጣላችኋል» ስትል፣ ሌሎቹ ልጆች ስለ ስጦታው አሰቡ። ስንዱ «አባት» ስለሚለው ቃል አሰበች። እንደ ክርስትና አባትና እንደ እንጀራ አባት ሁሉ የገና አባትም አለ ማለት ነው፤ እሱ የሚመጣውም ሌላ ዓይነት አባት ለሌለው ልጅ ይሆናል አለች በልቧ። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጆቹ በግቢው ውስጥ በሳር ላይ ተቀመጡ። ጥጥ በዛፎቹ ላይ ተበትኖ በረዶ ሆኗል። ይርዳው ቀዩን ካባ ለብሶ፣ ራሱ የነደፈውን ጥጥ አገጩ ላይ አስሮ፣ የሱቁን ከረጢት ተሸክሞ ገባ። ከረጢቱ ውስጥ ከፍራሽ ቁራጭ ጨርቅ የሰፋቸው አሻንጉሊቶችና ኳሶች አሉ። ያጠናው ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው «እንዴት ከረማችሁ ልጆቼ?» የሚል ነው። ይህን ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲኖር «ልጆቼ» የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ልጆቹ ግን ተውኔቱ ነው ብለው አጨበጨቡ።

ስጦታውን አደለ። ሁሉም እየተንጫጩ ወሰዱ። ስንዱ ጋ ሲደርስ አሻንጉሊቱን አልተቀበለችውም። ቀና ብላ አየችው።

«የማን አባት ነህ?» አለችው።

ይህ በተውኔቱ ውስጥ የለም። ይርዳው ወደ ዘነበወርቅ ዞሮ አየ። እሷም ነገሩን ለማሳመር ብላ አዎ በል እንደማለት ራሷን ነቀነቀችለት።

«የሁላችሁም» አለ።

«የኔም?»

«ያንቺም።»

«ስትሄድ ትመለሳለህ?»

አሁን ያጠናው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ትዝ አለውና ደስ አለው። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ «ደህና ሁኑ ልጆቼ፤ ክረምት ሲመጣ ተመልሼ እመጣለሁ» አለ። ስንዱ አሻንጉሊቱን ተቀበለችና ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

በዓሉ አለፈ። ይርዳው ጢሙን ፈትቶ ጥጡን ወደ ክምሩ ወረወረው፤ በማግስቱ ከሌላው ጥጥ ጋር ተነድፎ የአንድ ሙሽራ ፍራሽ ውስጥ ገባ። ቀዩን ካባ ኑርልኝ ቆራረጠና የትራስ ልብስ አደረገው። ይርዳው አንዳንድ ቀን ሥራ መሃል «ያንቺም» ያለበት ሰዓት ትዝ ይለው ነበር። ልቡ ላይ አንድ ነገር ይቆረቁረዋል። ከዚያ ተውኔት ነው እኮ ይልና ደጋኑን ያነሳል።

መቼም በባሕር ማዶው መጽሐፍ ውስጥ ክረምት ማለት በረዶ የሚጥልበት፣ ገና የሚውልበት ወቅት ነው። ዘነበወርቅ ቃሉን መዝገበ ቃላት ላይ እንዳገኘችው ክረምት ብላ ጻፈችው። ማንስ ቢሆን ምን ብሎ ይጽፈዋል? ነገር ግን በኛ አገር ገና የሚውለው በበጋ ነው፤ ክረምት የሚባለው ዝናቡ ነው። ሰኔ ነው፣ ሐምሌ ነው፣ ነሐሴ ነው። ይህንን የስድስት ዓመት ልጅ ታውቃለች። መምህርቷ ሳታስተውለው፣ ፍራሽ ሰሪው ሳያስተውለው፣ ጥጥ ያጠለቁት ዛፎች ስር የተቀመጠችው ልጅ ቃሉን እንዳለ ይዛው ገባች።

ሰኔ ተጋመሰ። የመጀመሪያው ዝናብ ዘነበ። በማግስቱ ጠዋት ስንዱ ከመኝታዋ ተነስታ ፊቷን ታጠበች፣ ፀጉሯን አበጠረች፣ አሻንጉሊቷን ያዘችና የግቢው በር አጠገብ ባለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ምን ታደርጊያለሽ ሲሏት «አባቴን እጠብቃለሁ። ክረምት ሲመጣ እመጣለሁ ብሎኛል» አለች። ሞግዚቷ ሳቀችና ወደ ውስጥ አስገባቻት። እሷ ግን መልሳ ወጣች። በማግስቱም ወጣች። በሦስተኛው ቀን ዝናብ እየመታት ተቀመጠች።

በሳምንቱ ወገቡ የተሻለው ዘበኛ ወደ ይርዳው ሱቅ መጣ። «አንዲት ልጅ በር ላይ እየጠበቀችህ ነው፤ ብቅ ብለህ ብታያት ምን አለበት?» አለው።

«እመጣለሁ» አለ ይርዳው። «ገና ይቺን ፍራሽ ልጨርስ።»

ያቺ ፍራሽ አለቀች። ሌላ መጣ። ክረምት ለፍራሽ ሰሪ ክፉ ጊዜ ነው፤ ጥጥ አይደርቅም፣ ሥራ ይጓተታል። ምክንያት ሞልቶ ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ይርዳው የፈራው ሥራውን አይደለም። ሄዶ ምን እንደሚላት አያውቅም ነበር። እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት አለፈ።

ሐምሌ አምስት ቀን ጠዋት ዘነበወርቅ ራሷ መጣች። ጃንጥላ ይዛ ነበር፤ ግን ትከሻዋ ሁሉ ረጥቧል። ተቀመጪ ሳትባል የፍራሽ ክምር ላይ ተቀመጠች።

«ጋሽ ይርዳው፣ ልጅቷ ታመመች» አለች። «ሳል ይዟታል፣ ትኩሳት አላት። ዓይናችንን ዞር ስናደርግ ከአልጋ ወርዳ በሩ ላይ ትገኛለች። ምግብ በቅጡ አትበላም። ሐኪሙ ከዚህ በላይ ብርድ ከመታት ለሳንባዋ እፈራለሁ አለኝ። ተውኔት ነው፣ ጨዋታ ነው ብዬ ነገርኳት። ምን አለችኝ መሰለዎት? ‘ጨዋታ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እሱ አላለም’ አለችኝ።»

ይርዳው የያዘውን መርፌ ፍራሹ ላይ ሰካው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ዘነበወርቅ። «ክረምት የሚለውን ቃል ተረጎምኩት እንጂ አገሩን አልተረጎምኩትም። አሁን አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ያን ካባና ያን ጢም አድርገው አንዴ ይምጡልኝ። ሩቅ አገር እሄዳለሁ፣ ግቢና ተኚ ይበሏት። የእርስዎን ቃል ትሰማለች።»

ኑርልኝ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። ያን ቀን አልቀለደም። «ካባውን ቆራርጬዋለሁ፤ ግን ቀይ ጨርቅ አለኝ። እስከ ምሳ ሌላ እሰፋለሁ። ለጢሙ ጥጥ መቼም አንተ ጋ ሞልቷል» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ቀን ብትዋሽ ምን ይልሃል ይርዳው? ልጅቷ ትተኛ እንጂ» አለው። ከስንት ዓመት በኋላ በስሙ ጠራው።

ይርዳው እጁን ወደ ጥጡ ክምር ሰደደና አንድ እፍኝ አነሳ። ጥጡ ቀላል ነው። ክብደት የለውም፤ እፍ ቢሉት ይበራል። ያን ቀን በዚህ ነገር ፊቱን ሸፍኖ ነው «ያንቺም» ያላት። ፊቱ ባይሸፈን ኖሮ አይላትም ነበር፤ እንደ ልማዱ ገና ይላት ነበር። አሁን ደግሞ ሸፍኖ ቢሄድ፣ ልጅቷ ዛሬ ትተኛለች፤ ለሚመጣው ክረምትም ያው ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ሳይሸፍን ቢሄድ ደግሞ አባት አለኝ ብላ የያዘችው ነገር ዓይኗ እያየ ይፈርሳል። በታመመች ልጅ ላይ የትኛው ይደረጋል? አስካለ ትዝ አለችው። ያ ሁሉ ዓመት እሱ ገና ሲል እሷ ጓዳ ገብታ ምን ትሠራ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ ተከትሎ አላየም።

ጥጡን መልሶ አስቀመጠው። ከሣጥኑ ውስጥ የአስካለን ጋቢ አወጣ፣ እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቀለለው።

«ካባውን ተወው» አለው ለኑርልኝ። ለዘነበወርቅም «እንሂድ» አላት።

ሲደርሱ ስንዱ በሩ ላይ ነበረች። ሞግዚቷ ልብስ ልታመጣ ገብታ ሳለ ሹልክ ብላ ወጥታለች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኖቿ ጎድጉደዋል፣ አሻንጉሊቷ ውሃ ጠጥታ አብጣለች። ይርዳው ለመምህርቷ በእጁ ምልክት ሰጥቶ ወደ ኋላ አስቀራትና ብቻውን ቀረበ። ጋቢውን ፈትቶ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው፤ ፊቱን አታውቀውም። በዚያ ከተማ ልጅ አባቷን አንተ ትላለች፤ የማታውቀውን ሽማግሌ ግን እርስዎ ነው የምትለው።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለችው።

«ክረምት ሲመጣ እመጣለሁ ያልኩሽ ነኝ።»

«አይደሉም። እሱ ጢም አለው።»

«ዓይንሽን ጨፍኚና ስሚኝ» አላት። ጨፈነች። «እንዴት ከረማችሁ ልጆቼ?»

ስንዱ ዓይኗን ስትገልጥ ፊቷ ተለወጠ። ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው። የለበሰው አሮጌ ካፖርት ነው፣ ጫማው ጭቃ ነው።

«ጢሙስ?»

«ጥጥ ነበር። እኔ ፍራሽ ሰሪ ነኝ፤ የነደፍኩት ራሴ ነኝ።»

«ቀዩ ልብስስ?»

«የትራስ ልብስ ሆኗል።»

«አጋዘኖቹስ?»

«አጋዘን የለኝም። ከገበያ በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ዝናቡ ይርዳው በእጁ በያዘው ላስቲክ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ስንዱ እንባዋን እንደያዘች ጠየቀች።

«አባትነቱስ? እሱም ጥጥ ነበር?»

ይርዳው ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቆታል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ገጥሞት አያውቅም። አይደለም ቢላት ይዋሻል። ነው ቢላት ይገድላታል። የሚያድነው ቃል ፈልጎ አጣ፤ እውነቱን ብቻ አገኘ።

«ያን ቀን ጥጥ ነበር» አላት። «ጥለሽኝ ብትገቢ አልፈርድብሽም። ዛሬ ግን ጥጥ ለብሼ አልመጣሁም።»

«ታዲያ አባቴ ነዎት?»

«ገና ነኝ» አለ ይርዳው። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። ሠላሳ ዓመት ሲለው የኖረው ቃል ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉ ግን ቃሉ በር መዝጊያው ነበር። «ገና ነኝ፤ አባትነት አላውቅበትም። ዛሬ ልጀምር ነው የመጣሁት። ነገም እመጣለሁ። ክረምቱ ሲያልፍም እመጣለሁ።»

ስንዱ አሰበችበት። ጋቢውን በሁለት እጇ ሳበች።

«የገና አባት ማለት እንደዚህ ነው?»

«እንደዚህ ሳይሆን አይቀርም።»

ልጅቷ ሳለች፣ ረጅም ሳል ሳለች። ሲለቃት እጇን ዘረጋችለት።

«በርዶኛል፤ አንሳኝ» አለችው።

አንሱኝ አላለችም። ይርዳው ይህንን ሰማ። አቅፏት ሲነሳ ዘነበወርቅ ሮጣ ደገፈችው።

ስንዱ ያን ክረምት ለሞት ተቃርባ ዳነች። ይርዳው አንድም ቀን አልቀረም። ሱቁን በጊዜ እየዘጋ በዝናብ ይመጣል፤ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ጥጥ ያወራላታል፣ ሌላ ወሬ አያውቅማ። ለእሷ ልክ የሆነች ትንሽ ፍራሽ ሰፍቶ አመጣላት። መስከረም ሲጠባ ተነስታ መራመድ ጀመረች። ሳሉ ግን ጨርሶ አልለቀቃትም፤ እስከ ዛሬ ክረምት በገባ ቁጥር ይመለስባታል። ይርዳው ያን ሳል በሰማ ቁጥር ገና ይቺን ፍራሽ ልጨርስ ያለባቸው ሁለት ሳምንታት ትዝ ይሉታል። ማንም አልወቀሰውም። እሱ ግን ያውቃል።

ልጅቷን በሕግ ልጁ ለማድረግ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። ሽማግሌ ነህ አሉት፣ ሚስት የለህም አሉት፣ ቤትህ አንድ ክፍል ነው አሉት፤ ሄደው አዩት፣ ሂድና ተመለስ አሉት። ተመለሰ። ዘነበወርቅና ኑርልኝ ምስክር ሆኑለት። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ጉዳዩ አለቀና የመጨረሻዋ ጸሐፊ ፎርም ስትሞላ፣ ቀና ሳትል፣ «ልጅ አለዎት?» ብላ ጠየቀችው። የይርዳው አፍ በልማዱ «ገ» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ቆመ።

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ» አለ።

በዚያ ዓመት ገና፣ ተውኔቱ እንደገና ታየ። የገና አባት የሆነው ዘበኛው ነው። ይርዳውና ስንዱ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጠው አዩ። ዘነበወርቅ ከተውኔቱ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አውጥታለች፤ ሽማግሌው ሲሰናበት ተመልሼ እመጣለሁ አይልም፤ ደህና ሁኑ ብቻ ይላል። ስንዱ አጠገብ የተቀመጠ አዲስ የመጣ ሕፃን ባለ ቀይ ካባውን ሽማግሌ ሲያይ ፈርቶ ተሸጎጠባት። እሷም ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«አትፍራ» አለችው። «ጢሙ ጥጥ ነው። አባቴ ነው የነደፈው።»

ኑርልኝ ከኋላቸው ሆኖ ሰማት። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሽ ገና የሚለውን ስም ከአፉ አላወጣም። ይርዳው ግን ስሙን ሳይወደው አልቀረም ይባላል።

ይህን ያወጋሁት ሰው በበዓል ቀን ልጅ አያስደስት ለማለት አይደለም። ካባም ይለበስ፣ ጥጥም ይታሰር፣ ልጆችም ይሳቁ። ግን ለትልቅ ሰው የአንድ ቀን ወግ የሆነ ቃል፣ ምንም ለሌለው ልጅ የዓመት ስንቅ ሊሆን ይችላል። እኛ ተናግረን ወደ ሥራችን እንሄዳለን፤ እሱ ቃላችንን ይዞ ወቅት ይቆጥራል። ቃላችንን የምንጠብቀውም የተሟላን ስንሆን አይደለም። ይርዳው አባት ሆኖ አልሄደም፤ ስለሄደ ነው አባት የሆነው። ቀድሞ ቢሄድ ደግሞ ያ ሳል ባልኖረ ነበር።

እስቲ እናንተም መለስ ብላችሁ አስቡ። ለሰው ደስ እንዲለው ብላችሁ እመጣለሁ ያላችሁበት በር የለም? ዝናቡ ጀምሮ ይሆን?